ሳይመርቁ የማይከራከሩት አባት

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት አባት ኮታቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው፤ ስልካቸውን ግን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሚሰደዱ ወጣቶች የሚያወራ የጋዜጣ ዜና ስልኩ ላይ ከፈቱ። ዜናውን አልፈው ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ።

«ሥራ የጠላ ሰነፍ ሁሉ ነው የሚሰደደው» ይላል አንዱ።

በአንድ ጣታቸው ቀስ እያሉ መለሱለት፦ «ሰላም ለቤትህ። ልጆችህ ይደጉልህ።»

ጭኔ ላይ ተቀምጣ የእሳቸውን ስልክ ካልያዝኩ የምትለዋን ትንሿን ልጄን እየጎተትኩ፣ «አባባ፣ ለስድብ ምርቃት?» አልኳቸው።

«እኛ ጋ ሽማግሌ ዱቡሻ፣ የሸንጎው አደባባይ ላይ፣ ሲቀመጥ ሳይመርቅ ክርክር አይጀምርም። ይኼስ አደባባይ አይደል?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጄ እዚያ ነው። ይኼን ሁሉ ያነባል። አባቱ ዝም እንዳላለ ይወቅ ብዬ ነው።»

ዳገቱን ስንጨርስ ስልካቸው ጮኸ። ዓይኔ ደከመ፣ አንብቢልኝ ብለው ወደ እኔ አዞሩት። ያው ሰውዬ ነው፦ «አሜን አባቴ። የእርስዎም ልጅ ሄዷል እንዴ?»

«አባባ፣ መውረጃዎ አለፈ» አለ ረዳቱ።

«ይለፍ፤ ገና አሁን መነጋገር ጀመርን» ብለው ጣታቸውን ወደ ስልኩ መለሱ።