ወንበር የሚወለውለው ሰው

የገዳዩን ስም አልጽፍም። ስሙማ ምን ጎደለበት፣ ጅጅጋ ውስጥ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። የእህቴን ስም ግን ከነዚያ ሾፌሮች አንዱን አቁማችሁ ብትጠይቁት ትከሻውን ይሰብቅላችኋል። ስሟን ያልያዘላት ከተማ ከእኔም የማንንም ስም አያገኝም።

አባታችን ወታደር ነበር። ከመሃል አገር ተመድቦ መጥቶ ጅጅጋ ላይ ወልዶን ቀረ። መንግሥት ሲለወጥ ደመወዙ ቆመ፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ አረፈ፤ ቤቱን የተሸከመችው ታላቅ እህቴ ናት። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ እስክወጣ ድረስ ጠረፍ ላይ ቶጎ ውጫሌ ድረስ እየተመላለሰች ጨርቅና ሳሙና ታመጣ ነበር። በሶማሊኛ ትከራከራለች፣ በአማርኛ ትሳደባለች። ኬላ ላይ ያሉት ፈታሾች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ይሠጉ ነበር፤ ከእሷ ጋር ንትርክ የገጠመ ሰው ምሳ ሰዓቱ ያልፍበታል። ቤት ስትገባ ደግሞ የዋለችበትን ሁሉ እየተወነች ትነግረናለች፤ ፈታሹንም፣ ደላላውንም፣ አህያውንም እሷው ሆና። በሳቅ ሆዳችንን ይዘን እንወድቅ ነበር። በቤታችን ተዋናይ የምትባል ሰው ካለች እሷ ነበረች።

ሰውየው የፒክአፕ ሾፌር ነበር። በአንድ ዓመት ከምናምን ውስጥ ሦስት ነጋዴ ሴቶች ጋቢናው ውስጥ አስገብቶ ወሰደ፣ ሦስቱም አልተመለሱም። እህቴ ሁለተኛዋ ናት። በሦስተኛዋ ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ እስር ቤት ውስጥ ታሞ ሞተ። ለቅሶ የመጣው ሰው «የሞተ ተጎዳ» ብሎን ወደየቤቱ ሄደ። እኔም ማስተማር ጀመርኩ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው እንግዲህ ያ ልጅ የመጣው። ልጅ እላለሁ እንጂ አብሮኝ የሚያስተምር የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ የጅጅጋ ልጅ፣ መልኩ የተዋጣለት፣ አማርኛውም ሶማሊኛውም እንደ ማር የሚፈስለት። እሁድ እሁድ ከከተማው አማተር ተዋንያን ጋር ድራማ ይሠራል። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር። እንዳትቆጪኝ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የዚያን ሾፌር ታሪክ ልንሠራው ነው። እሱን ሆኜ የምጫወተው እኔ ነኝ። ታሪኩ እንዳይረሳ ብለን ነው።»

እንዳይረሳ ሲል ልቤ ተከፈተ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህቺን ቃል የሚለኝ ሰው ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። ሰውየው የእህቴን ጭነት ሊያደርስ ሁለት ሦስት ጊዜ እቤታችን መጥቷል፣ ምሳም በልቷል፤ ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ቁልፉን በጣቱ ላይ እንዴት እንደሚያሽከረክር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሴቱን ሁሉ «አባዮ» እያለ እንደሚጠራ፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ከሁሉም ደግሞ ጨርቁን። ሴት ወደ ጋቢናው ልትገባ ስትል ከወንበሩ ሥር ቢጫ ጨርቅ አውጥቶ፣ ንጹሑን ወንበር ወልወል ያደርግላትና «ገል» ይላታል፤ ግቢ ማለት ነው። እንዲህ የሚያከብር ሾፌር በዚያ መንገድ ላይ አልነበረምና ሴቶቹ ያመሰግኑት ነበር።

ልጁ በደብተሩ ይጽፋል። ሁለት ቀን ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ስለ እህቴ ይጠይቀኛል ብዬ ስዘጋጅ አደርኩ፤ የፈታሹንና የአህያውን ነገር ልነግረው። ደብተሩን ዘጋና አመስግኖኝ ተነሣ። አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

እኔም አንድ ነገር አልነገርኩትም። ያቺን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ድራማው የታየው እሁድ ከሰዓት በከተማው አዳራሽ ነው። ቦታ ያጣው ሰው በመስኮት ይመለከታል። መኪናው ሁለት ወንበርና አንድ አሮጌ መሪ ነበር። ልጁ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ወጣ። እሱን ነው የሚመስለው። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ከጣቱ እስከ ድምፁ። ቢጫውን ጨርቅ አውጥቶ ወንበሩን ሲወለውል ከሴቶቹ በኩል «ውይ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ጭብጨባ። ገና ማንንም ሳይገድል የአዳራሹን ልብ ወሰደ።

ሴቶቹስ? ሴት ልጁን መድረክ ላይ አቁሞ የሚድር ወላጅ የለም ተብሎ የሴት ተዋናይ አልተገኘም። ስለዚህ ሦስቱንም ሴቶች የሚጫወተው የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ቦርጫም፣ ጢሙን የተላጨ፣ ድሪያ የሚሉትን ስስ የሴት ቀሚስ የለበሰ። ሻሹን እየቀየረ ሦስት ጊዜ ይሞታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። አረንጓዴዋ እህቴ ነበረች። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቂጡን እያወዛወዘ ወደ ወንበሩ ሲሄድ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ታንቆ ሲወድቅ አንድ ጫማው ወልቆ ወደ ታች ተወረወረ። አጠገቤ የነበረች ሴት በሳቅ ያፈሰሰችውን እንባ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ከሞቱ አሟሟቱ ይላሉ፤ እህቴን ሁለተኛ ሲገድሏት በሳቅ ነበር።

መጨረሻ ላይ ገዳዩ ተፈርዶበት ብቻውን ቆሞ ስለ ልጅነቱ ተናገረ። አባቱ ይመታው እንደነበር፣ እንዴት እንደተራበ። ይህን እኔ አልነገርኩትም፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ። በአዳራሹ መነፋረቅ ተጀመረ። ከኋላዬ አንዲት ልጅ «አይ፣ ሲያሳዝን» አለች። ለእሱ። ለሦስቱ ሴቶች ሳቅ፣ ለእሱ እንባ። ተነሥቼ ወጣሁ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። በሳምንቱ ባጃጅ ልሳፈር እጄን ዘረጋሁ፤ ሾፌሩ ወርዶ ከኪሱ ጨርቅ አወጣና ወንበሩን ወልወል አድርጎ «አባዮ፣ ገል» ብሎ ጥርሱን ፈገግ አደረገ። ሳልሳፈር ጥዬው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ሥራው ይኸው ሆነ። ሻይ ቤት ልጃገረድ ስትገባ ወንበር ይወለወልላታል። አንዱ የገዳዩን ስም ባጃጁ መስተዋት ላይ በትልቁ አስጽፎ ሲከንፍ አየሁት። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ጨዋታ መስሏቸው ነው። እኔን ያበገነኝ ግን ይኸው ጨዋታ መምሰሉ ነው። በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፤ ከቤቴ ትምህርት ቤቱ አርባ ደቂቃ ይሆናል፣ በዚያ አቧራ።

አንድ ቀን ክፍል ስገባ አንድ ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ማጥፊያው ወንበሬን ወለወለልኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጆሮውን ይዤ ወደ ውጭ አስወጣሁት። «ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

በእረፍት ሰዓት ልጁን መምህራን ክፍል አገኘሁት። ሰው ከቦት ያሞግሰዋል፣ እሱም ፊቱ በርቷል።

«እኔ የነገርኩህ ለዚህ ነው?» አልኩት በሰው ፊት። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ተብለህ ነው የመጣኸው?»

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ። ተማሪዬም እሱም አንድ ጥያቄ።

«ሴቶቹን ለምን ታስቁባቸዋላችሁ?»

«ሴት ከየት እናምጣ? ማን ልጁን ይሰጠናል?» ከዚያ ዝም ሊያሰኘኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ «አንቺ ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«እሠራለሁ።»

እኔ በዕድሜዬ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ የባንዲራ ቀን እንኳ ንግግር ሲሰጠኝ የምደበቅ ሰው ነኝ። ቃል ከወጣ በኋላ ግን መመለስ የለም። ሁለት ሳምንት ተለማመድኩ። የንብረት ክፍሉ ሰው ቀይዋንና ቢጫዋን ያዘ፣ አረንጓዴዋን ለእኔ ለቀቀ። የሚጠበቅብኝ ትንሽ ነው፤ ጥቅሌን ይዤ እመጣለሁ፣ እሱ ይወለውላል፣ እቀመጣለሁ፣ የሚጠፋ መብራት የለምና ጨርቅ ይጋረዳል፣ አለቀ። በልምምድ ላይ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። አስቤበት አልነበረም ብል ግን ውሸት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ፣ መድረክ ላይም ቢሆን፣ እህቴ መኪናው ውስጥ እንዳትገባ ፈልጌ ነበር።

ቡድኑ በክልሉ ሌሎች ከተሞች፣ መጀመሪያ ደምበል፣ ቀጥሎ አፍደም፣ ተጋብዞ ነበር። ደምበል የደረስነው በገበያ ቀን ነው፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን። ድራማው በትምህርት ቤቱ ግቢ ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። ገበያውን የጨረሰው ሁሉ መጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ወተት ሻጮቹ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ከፊት። ጥላ የለም። ልጁ ቁልፉን እያሽከረከረ ሲወጣ እዚህም ወደዱት። ቀይዋ ሞተች፣ ተሳቀ።

የእህቴን የራሷን አረንጓዴ ሻሽ አስሬ ወጣሁ። ልጁ «አባዮ» ብሎ ቢጫውን ጨርቅ አወጣና ወንበሩን ወለወለ። «ገል» አለኝ።

«ዛሬስ ከሴቶቹ ጋር በአይሱዙ ብሄድ ይሻለኛል» አልኩ።

ይህ ድራማው ውስጥ የለም። ቃሉ የጠፋብኝ መስሎት ወንበሩን እንደገና ወለወለው። ሰው ሳቀ። እኔ ጥቅሌን ይዤ ቆምኩ። ሦስተኛ ወለወለ፣ በዓይኑ ይለምነኛል፣ ግንባሩን አላበው። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይኸው አልገባችም፣ እዩዋት፣ ቆማለች፣ እያልኩ በሆዴ እፎክራለሁ።

ከኋላ በኩል አንድ ወንድ «ገል!» አለ። ሌላው ተቀበለው። ከዚያ ጎረምሶቹ እያጨበጨቡ፣ ልጆቹም በአማርኛ «ግቢ! ግቢ!» ማለት ጀመሩ። ገዳይ መሆኑን ያውቃሉ። ቀይዋን ሲያንቃት አሁን አይተዋል። ድራማው እንዲቀጥል መግባት አለብኝ። ተናደድኩ፤ አፌን ልከፍትባቸው፣ የእህቴን የገበያ ስድብ ሁሉ ላወርድባቸው ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ወተት ሻጭ አሮጊት፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው፣ በለሰለሰ ድምፅ «ግቢ እንጂ ልጄ፣ ፀሐይ ነው፣ ሰው አታቁሚ» አሉኝ።

ድምፁን አወቅሁት። የእሳቸው ሳይሆን የእኔ ነው።

እህቴ በጠፋችበት ዕለት ጠዋት ጥቅሏን ተሸክሜ ጅጅጋ መነኻሪያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። አይሱዙው ገና አልሞላም፣ እኔ የማሠልጠኛው መውጫ ፈተና ነበረኝ። ሰውየው ፒክአፑን አቁሞ ወንበሩን ወለወለ። እህቴ፣ ያን ሁሉ ፈታሽ የምታስፈራራዋ እህቴ፣ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «ዛሬስ ከሴቶቹ ጋር በአይሱዙ ብሄድ ይሻለኛል» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሰዓቴን አየሁና «ግቢ እንጂ፣ ምን ያግደረድርሻል፣ ጨዋ ሰው እኮ ነው፣ አታስረፍጂኝ» አልኳት። ከኬላ ወዲህ ሰው ማስቀየም አትወድም ነበር፣ በተለይ እኔን። ገባች። ፈተናው ላይ ደረስኩ።

ልጁ ወደ እኔ ተጠግቶ በሹክሹክታ «እትዬ፣ በናትሽ፣ ግቢልኝ» አለኝ።

«ግቢ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አየና ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ሄዶ ከመሪው በስተኋላ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ ግን ምን እንደተባባልን አልሰማም። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ገበያው አልቋል፣ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል፤ እያጨበጨበ ግቢ ይላል።