«በ8 አንድ»

ሐኪሟ ውጤቱን ከኮምፒውተሩ ላይ አነበበች። «መቶ ስልሳ ሦስት።»

ከዐቢይ ጾም በፊት የእናቴ ቫይታሚን ዲ ዘጠኝ ነበር። ያኔ ሃያን ቢያልፍ በወደድን ነበር፤ አሁን ከመቶ ሲያልፍ መርዝ ሊሆን እንደሚችል ተነገረኝ። እናቴ ዕብራይስጥ አትሰማም፤ የምታነበው የእኔን ፊት ነው።

«ምን አለች? ከፍ አለልኝ?»

«አዎ እማዬ፣ ከፍ ብሏል» አልኋት።

ዘጠኙ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። ኢየሩሳሌም ፀሐይ አይቸግራትም። እናቴ ግን ምች እንዳይመታት ስለምትፈራ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ቤቷ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ ተሸፋፍና በጥላ በጥላው ነው የምትሄደው። ለዚህ ነበር ኃይለኛው ክኒን የታዘዘላት።

«እንዴት ነው የምትወስደው?» አለች ሐኪሟ።

«በሳምንት አንድ፣ እንደታዘዘው» አልሁ።

እናቴ ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አወጣች። ለዓመት ይበቃል የተባለው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ክዳኑ ላይ የእኔ ጽሕፈት አለ፦ «በ8 አንድ»። በስምንት ቀን አንድ ማለቴ ነበር። ሃነቪኢም ጎዳና ላይ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ «ቀን» የሚለውን ዘለልሁት። እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖራ የሐበሻ ሰዓቷን ያልለወጠችው እናቴ፣ በየቀኑ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ስትውጠው ከርማለች።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስሁት ግን እናቴ ሆድ ውስጥ ነው፤ በምን ልልቀመው? የውሃ ጥሟን፣ ማቅለሽለሿን አይቼ ጾሙ ነው ብዬ ማለፌ ደግሞ አንገበገበኝ።

ጽሕፈቱ አሳስቷት በየቀኑ እንደዋጠችው ስነግራት፣ ሐኪሟ ለኩላሊቷ ሰግታ ለካልሲየም ምርመራ እንደገና ደም አስቀዳቻት። ውጤቱ እስከ ማግስቱ አይደርስም ነበር። እህል አልቀመስሁም። እናቴ ግን ባዶ ሆድህን አትዋል እያለች ትቆጣኛለች።

በማግስቱ ተመለስን። ካልሲየሙ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ኩላሊቷ ደህና ነው። ክኒኑን ታቁም፣ ውሃ ትጠጣ ተባለ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

ሐኪሟ ክዳኑ ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይህን ማን ጻፈው?» አለች።

እናቴ የሐኪሟን ጣት አየች፤ ፊቴን አየች። ከዚያ ደረቷን መታ መታ አድርጋ፣ ከምታውቃቸው ጥቂት የዕብራይስጥ ቃላት አንዱን ተናገረች።

«አኒ።» እኔ ነኝ ማለቷ ነው።

እናቴ ዳዊት ትደግማለች እንጂ በዕድሜዋ ብዕር ጨብጣ አታውቅም።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «ከእንግዲህ አንተ ጻፍላት፤ እሷ ትሳሳታለች።»

«እሺ» አልሁ።