ለብቻው የተቦካው ኮንክሪት

ባለፈው ሳምንት በትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ላይ፣ የምህንድስና ስነ ምግባር ኮርስ በአንድ የከሰዓት በኋላ ገለጻ ይተካ የሚል ሐሳብ ቀረበ። አንድ ወጣት መምህር ሳቅ ብሎ፣ «አትስረቅ ለማለት አንድ ሴሚስተር ያስፈልጋል እንዴ?» አለ። ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን መትቼ ያላሰብሁትን ሁሉ ተናገርሁ። ቤቴ ገብቼም አልበረደልኝም፤ እውነቱን ለመናገር፣ የተናደድሁት በልጁ ብቻ አልነበረም።

እኔ በዚያ ኮርስ ኤ ያገኘሁ ሰው ነኝ። ኤ ባገኘሁ በወሩ ለተግባር ልምምድ ጋይንት ተላክሁ። ከአርብ ገበያ ከተማ ብዙም በማይርቅ ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራ ነበር። በጋ ነው፤ ከንፋስ መውጫ የሚያወርደው መንገድ አቧራው ቅንድብ ያነጣል። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ክረምት ሲገባ ግን ሰው ይወስዳል ይሉን ነበር። እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ጨው ነጋዴ አህያቸውን እየነዱ ሲያልፉ ትኩስ ቅቅል ድንች ከበርበሬ ጋር ይሰጡን ነበር። የጋይንትን ድንች ያልቀመሰ ድንች በላሁ አይበል።

ሥራዬ ኪዩብ መሙላት ነበር። ድልድዩ ላይ ከሚፈሰው ኮንክሪት ናሙና ተወስዶ በብረት ቅርጽ ይሞላል፤ ሲጠነክር ላብራቶሪ ሄዶ በማሽን ይጨፈለቃል። በመጀመሪያው ቀን አካፋዬን ይዤ ለድልድዩ ወደተቦካው ቡኮ ስጠጋ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ክንዴን ያዘኝ።

«ከዚህ አይደለም፣ ኢንጂነርዬ። የናሙናው ለብቻው ነው የሚቦካ፤ ሲሚንቶውን በዛ አድርገን።»

«ድልድዩስ?»

«ድልድዩ ላብራቶሪ አይሄድም!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የልምምድ ውጤቴን የሚሞላው ፎርማኑ ነበር። ድልድዩ አሸዋ በበዛበት ቡኮ ተሠራ፤ እኔ ሲሚንቶ የጠገቡትን ኪዩቦች እየሞላሁ ቀን ጻፍሁባቸው፣ ቅጹ ላይም ፈረምሁ።

ልምምዴን ጨርሼ ልሄድ ስል እትዬ ዘይነባ ቆም ብለው ድልድዩን አዩት።

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ። አህያዬን ጭኜ ባልፍበት ይይዘኛል?»

«ይይዝዎታል፣ እትዬ።»

«አላህ ያክብርህ።»

በዓመቱ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ለሥራ ንፋስ መውጫ ስመለስ ድልድዩ መሐሉ ላይ ተሰብሮ መውደቁን ሰማሁ። አጣሪዎች መጥተው ነበር። የላብራቶሪው ውጤት እንከን የለሽ ስለሆነ ጥፋቱ የጎርፉ ሆነ። አርብ ገበያ ወርጄ እትዬ ዘይነባን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ድልድዩ አብረው ሲሻገሩ ተሰብሮ አህያቸውን ውሃ ወስዷታል። የእሳቸው ቀኝ እግር ከጉልበት በታች አልነበረም።

«አንተ ነህ እኮ ይይዛል ያልኸኝ» አሉ። አልረገሙኝም። ልጃቸውን ጠርተው ድንች እንድታቀርብልኝ አዘዙ። ምነው በረገሙኝ! ስለ ኪዩቦቹ ሳልናገር ተነስቼ ወጣሁ።

አትስረቅ ይለኛል ያ ልጅ! እኔ መች ሰረቅሁ? አንዲት ከረጢት ሲሚንቶ ቤቴ አልወሰድሁም። አንድ ሴሚስተር ሙሉ የስነ ምግባርን ትርጉም ስሸመድድ፣ ፎርማኑ ክንድህን ሲይዝህ ምን ትለዋለህ ብሎ የጠየቀኝ አንድም መምህር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ እኔ ራሴ መምህር ሆኜ፣ ያንኑ ትርጉም ለስንት ዓመት ሳሸመድድ ኖርሁ። ስብሰባው ላይ ስጮህ እንኳ የእትዬ ዘይነባን ስም አላነሳሁም።

ሰኞ ክፍል አለኝ። ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የምነግራቸው ኪዩቦቹን የሞላሁት እኔ መሆኔን ነው።