ቅቤ የጠገበ ባት

ሥራነሽ ከይጁቤ ገበያ አልፋ አታውቅም፤ አገር ያየችው በልጇ እግር ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። አንድ ልጇ ሙላት የአርበኞች መልእክተኛ ሆኖ ከጮቄ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከበረሃው መልሶ ወደ ጮቄ ይወጣል። ወረቀት አይዝም፤ ቃሉን በሆዱ ቋጥሮ ይሮጣል እንጂ።

ቤት ሲደርስ ባቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነው። እሷም እግሩን ለብ ባለ የጨው ውኃ ነክራ፣ ተልባ አጠጥታ መደብ ላይ ታጋድመዋለች። ከዚያ ቅቤ በመዳፏ አሙቃ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ጉልበቱ ቀስ እያለች ታሸዋለች። የወጌሻ ልጅ ናትና ጅማት ሲቋጠርም ሲፈታም ታውቃለች። ሙላት በእንቅልፍ ልቡ ያወራል፤ ደመና ከእግሩ ሥር ተኝቶ እንዳየ፣ ዓባይ ከሩቅ ሲያዩት የማይሄድ እንደሚመስል። ዓይኗን ጨፍና ትሰማዋለች። ጣቷ ባቱን ሲወርድ ገደሉን እሷው የወረደች፣ ጭቃውን እሷው የተሻገረች ይመስላታል። እሱ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላም እጇ አያርፍም፤ ከእጇ ሥር እስካለ ድረስ ማን ይነካዋል?

አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ አሽታው እንደጨረሰች፣ ጎረቤቷ የብርጓል እያለከለከች ገባች።

«እትየ ሥራነሽ፣ ጉድ አልሰሙም? የገበያው መንገድ ምሽግ ላይ ያሉት ባንዶች ሱሪ እያስጠቀለሉ ባት ያያሉ። ቅቤ የጠገበ ባት ካገኙ ‹መልእክተኛ ነህ› ብለው ይወስዳሉ። ትናንት አንዱን የቁይ ሰው ወስደውታል!»

ሥራነሽ የተኛ ልጇን እግር አየች፤ ያብረቀርቃል። ነገ ከገበያተኛው ጋር በዚያው ምሽግ ማለፍ አለበት፤ ሌላ መንገድ የለውም። በአመድ ቢታጠብም ወዙ አይለቅም። ፈራች፤ ነጠላዋን ተከናነበች። ከዚያ የቅቤውን ቅል አንሥታ፣ የመንደሩ ወንዶች ማኅበር ጠጥተው ወደተቀመጡበት ቤት ገባች።

«እግራችሁን ስጡኝ» አለች፤ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

«በጾም ቀን ቅቤ?» አለ አንዱ። «ሁላችንንም ቢወስዱንስ?» አለ ሌላው።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል እግራቸውን ዘረጉ። «ጾሙ የአፍ ነው። ይህን ሁሉ ሽማግሌ ወስዶስ ማን ይቀልባል? በይ ሥራነሽ፣ ጉልበቴን ቀስ አድርገሽ፤ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል።»

ሳቁ። ቅቤው ሲያልቅ ከየቤቱ መጣ።

በማግስቱ ምሽጉ ላይ ባንዳው አንዱን ባት ዳሰሰ፣ ሌላውን ዳሰሰ፤ ጎንበስ ቀና ሲል ወገቡ ተያዘ።

«አገሩ ሁሉ ሯጭ ሆነ እንዴ?»

«ብርድ ነው ልጄ» አሉ ቄሱ፤ «ከጮቄ የሚወርደውን ብርድ ምን እናድርገው?»

ባንዳው እጁን በሣር ጠረገና «እለፉ!» አለ።

ሥራነሽ ከጉብታው ላይ ቆማ ታያለች። ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው፣ ባታቸው እያብረቀረቀ፣ ወደ ጭጋጉ ወረዱ። በጨለማ በጣቷ የምትለየውን የልጇን እግር በዓይኗ ፈለገችው፤ ከዚያ ሁሉ እግር መካከል የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት። እልል ማለት አማራትና አፏን በመዳፏ ያዘች።