የጋሽ ቀላል ሰሌዳ

በተራራማዋ ከተማ የብስክሌት መንገዶች ጽሕፈት ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ የጻፈ ሰው አለ። በየመንገዱ መነሻ የሚተከለው ሰሌዳ መንገዱ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድና ቀላል ወይም ከባድ መሆኑን ይናገራል። ሰውየው ከሁለቱ ቃላት አንዱን ብቻ ስለሚወድ የከተማው ሰው ጋሽ ቀላል ይለዋል። ፊት ለፊት ሲሆን በአክብሮት ነው፤ ዳገት መሐል ላይ ስሙ ሲነሳ ግን ሌላ ሌላም ይጨመርበታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጋሽ ቀላል መንገዱን ሁሉ የሚለካው በፒካፕ ነበር። ፒካፕ ደግሞ አያልበውም። ብስክሌት ላይ በዕድሜው ወጥቶ አያውቅም፤ ይህንንም የጠየቀው የለም። «ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ቀላል» ብሎ መጻፍ ለእሱ ምን ገዶት፤ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አይደል።

አዲሷ ኃላፊ የብስክሌተኞቹን የአቤቱታ ክምር አንብባ ጠራችው።

«ጋሼ፣ የዛሬ ሳምንት የተራራውን መንገድ በብስክሌት ይወጡልኛል፤ እኔም አብሬዎት ነኝ። እምቢ ካሉ መጋዘን ገብተው ጎማ ይጠብቃሉ።»

መጋዘኑ መስኮት የለውም። ከቀለምና ከብሩሹ መለየት ደግሞ ለጋሽ ቀላል ሞት ነው። ቤቱ ገብቶ ጉዱን ለሚስቱ ነገራት። እሷ በብስክሌት የምትመላለስ አስተማሪ ናት፤ መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች፣ ቀጥላ አዘነችለት፣ ቀጥላ ደግሞ ሳቀች።

«በል ተነስ፣ ጓሮ እንሂድ» አለችው።

ሰባት ቀን አሯሯጠችው። ሚዛን መጠበቅ ለመደ፣ ፔዳል መምታትም ለመደ። መውረድ ግን እምቢ አለው። ፍሬን በያዘ ቁጥር እግሩን ማውረድ እየረሳ እንደ ጆንያ ይዘረራል።

«ዳገቱ ላይስ ምን ይውጠኛል?»

«ማርሹን ቀላሉ ላይ አድርጌልሃለሁ፤ እንዳትነካው። ዝም ብለህ ምታ።»

ቀኑ ደረሰ። ኃላፊዋ ቀድማ ወጣች፤ ገና መንገዱ ሳይጋመስ ግን ወርዳ መግፋት ጀመረች። ጋሽ ቀላል ዘወር ብሎም ሳያያት አልፏት ሄደ። ኮራብኝ ብላ አዘነች። እሱ ግን ኩራቱን ከየት አምጥቶ፤ በግራው ገደል፣ በቀኙ የድንጋይ ግንብ፤ ቢወድቅ እንኳ መውደቂያ የለውም። ነፍሱ ልትወጣ ስትደርስም እየመታ ነበር።

አናቱ ላይ ሜዳ አለ። ኃላፊዋ ስትደርስ በሜዳው ላይ ክብ እየሠራ ይዞራል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ትንፋሽ አጥሯት። «ሦስቴ ወረድኩ፤ እርስዎ አንዴም አልወረዱም። ለካ ደካማዋ እኔ ነኝ። ሰሌዳው እንዳለ ይቆይ።»

ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ፤ ብሩሹም የእሱ እንደሆነ በቀረ ነበር። «ደካማዋ እኔ ነኝ» ያለችው ግን አንጀቱን በላው። ልጅቷ የረባ ጉልበት ነበራት፤ ያዋረዳት የእሱ ብሩሽ ነው። አፈረ።

«ያልወረድኩት መውረድ ስለማልችል ነው» አላት እየዞረ። ቀጥሎም አክብሮቱን ሁሉ ረስቶ፣ «ኧረ ያዢኝ» አላት።

ያዘችው። የፒካፑንም ጉድ ሳይደብቅ ነገራት። ኃላፊዋ ለመቆጣት ብትሞክርም ሳቅ ቀደማት።

«መጋዘኑ ይቅር» አለች በመጨረሻ። «ሰሌዳዎቹን ሁሉ ግን እንደገና ይጽፏቸዋል፤ እያንዳንዱን መንገድ በብስክሌት ሄደው። መጀመሪያ መውረድ ይማሩ።»

ብስክሌታቸውን እየገፉ ቁልቁል ሲመለሱ፣ ፊቱ በላብ የታጠበ አንድ ጎልማሳ ከታች ሲወጣ አገኙ። ፍሬን ይዞ ቆመ።

«አባባ፣ ብዙ ይቀረዋል?»

«ብዙ ነው» አለው ጋሽ ቀላል። «ከባድ መንገድ ነው።»

ሰውየው መሪው ላይ ደገፍ አለና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ተመስገን» አለ። «እኔ እኮ የታመምኩ መስሎኝ ነበር።»