አፈሯን አታራግፉ

ወንድሜ ያቺን አበባ ከዘንዘልማ ሜዳ ያመጣት በበጋ ነው፤ ቅጠል እንኳ አልነበራትም። የዘይት ቆርቆሮ ሙሉ አፈር ታቅፎ ሲገባ አየሁትና «ቤታችን አፈር ጠፋ?» ብዬ ሳቅሁበት። «ኦርኪድ ናት» አለኝ ኮራ ብሎ፤ ግብርና ቢሮ ገና መቀጠሩ ነበር። ክረምት ላይ ሣር መሐል ስታብብ አይቶ ቦታዋን በድንጋይ ምልክት አድርጎባት ኖሯል። ሜዳው ለኅብረት ሥራ እርሻ ሊታረስ ነው ሲባል ሄዶ ቆፍሮ አወጣት።

እናታችንን አስቀምጦ አስተማራት። ከሥር ያለችው አውራ ጣት የምታህል ድንች ናት። የሜዳዋ አፈር አብሯት ካልመጣ አትይዝም። ፍግ ይገድላታል። ፀሐይ ትወዳለች። ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን ውኃ ይቆማል፤ ዝናብ እስኪመጣ አትነካም። «ቆርቆሮ ስትቀይሩም አፈሯን አታራግፉ» አለ። እማዬ «እናንተን ያሳደግሁ ሴትዮ አንዲት ሣር ታቅተኛለች?» አለችው። ለእኔ ለብቻዬ የነገረኝ ደግሞ ሌላ ነበር። ይቺ ድንች አንድ ክረምት አብባ ትሞታለች፤ ከጎኗ አዲስ ትተካለች፤ በዓመቱ የምትበቅለው አዲሷ ናት። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ ታዝናለች» አለኝ።

ሚያዝያ ላይ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ጠራውና ወደ ሰሜን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮዋ የቤቱ ሰው ሆነች። አንድ ቀን አባቴ የሻይ ዝቃጭ ሊደፋባት ሲል እማዬ «የልጄን አደራ!» ብላ ጮኸችበት። ሰኔ ዘንቦ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ሲል እልል አለች። ጎረቤት የወለደ ሰው ያለ መስሎት መጣ። «ልጄ ደህና ነው፤ ይኸው» ትላቸዋለች። ምን ይባላል?

ነሐሴ ላይ አበበች። ነጭ ናት፣ አረንጓዴ ትንሽ የነካካት፤ መሸት ሲል ሽታዋ በረንዳውን ይሞላዋል። በዚያው ሰሞን አንድ እግሩን ያጣ የወንድሜ ጓደኛ ከሆስፒታል ወጥቶ አባቴን መሥሪያ ቤቱ ድረስ ፈልጎ መጣ። ወንድሜን በእጁ ነው የቀበረው። አባቴ ሐይቁ ዳር ወስዶ ይህን ለእኔ ነገረኝና ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ።

መርዶ ሥርዓት አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገር። ቄሱ አጎታችን ከደቅ ደሴት ይምጡ ተባለ። እሳቸውም «ጾም ላይ ናት፤ ፍልሰታ ይለፍ» ብለው ላኩ። ፍልሰታ አለፈ። ዘመን መለወጫ ይለፍ ተባለ፤ ከዚያ መስቀል። እውነቱን ለመናገር፣ ያቺን አበባ እያየ አፉን የሚከፍት ወንድ ጠፋ። እርር ድብን አልሁ፤ ግን እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥሁ። ጥቁር መልበስ የለ፣ ማልቀስ የለ። የምሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለ ነበር እዚያ የማሽኑ ጩኸት ሲሸፍነኝ አለቅስ ነበር።

ኅዳር ላይ ቅጠሏ ከደረቀ በኋላ እማዬ ቆርቆሮውን ወደ ጥላ ልታዞር ስታነሣው ቂጡ ዝጎ ኖሮ አፈሩ ዝርግፍ አለ። መሬት ተቀምጣ በጣቷ ስትለቅም ሁለት ነገር አገኘች። አንዷ ጥቁር፣ የተጨማደደች ባዶ ቆዳ ናት። ሌላዋ ነጭና ጠንካራ።

«ወንድምሽ ያመጣት የትኛዋ ናት?»

መዋሸት እችል ነበር፤ አንድ ቃል ነው። አንደበቴ እምቢ አለኝ።

«የደረቀችው» አልኋት።

እማዬ ድንቿን ትታ እኔን አየችኝ። «አባትሽ ከነሐሴ ጀምሮ ዓይኔን አያይም። አንቺ ዓይንሽ አብጦ ትመጫለሽ፤ ምን ሆንሽ ሲሉሽ የጥጥ ብናኝ ነው ትያለሽ። ልጄ ሞቷል?»

«ሞቷል፣ እማዬ።»

ደረቷን መታች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። የጮኽሁት እኔ ነኝ። ከነሐሴ ጀምሮ የታመቀው ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ፤ ጎረቤት በሩን ሞላው። እማዬ ያቺን የደረቀች ቆዳ አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። የምትቀብረው ሌላ ነገር አልነበራትም።

እኔ ነጯን አንሥቼ ከአጥሩ ወዲያ ልወረውራት እጄን ሰነዘርሁ። እሱ ሞቶ እሷ በመኖሯ ጠላኋት።

እናቴ ከለቀስተኛው መሐል ክንዴን ያዘችኝ።

«እሷ ምን በደለች?» አለችኝ። «መልሻት። አፈሯን እንዳታራግፊ።»