ሳሙራዮቹ ዳጉ ሲለዋወጡ

ዛሬ ሰመራ ውስጥ ሁለት የሳሙራይ ጦሮች ጎራዴ ከመማዘዛቸው በፊት ወሬ ተጠያየቁ።

ከጎረቤቴ ከሁመድ ጋር አውራ ጣት በሚያክሉ የጃፓን ተዋጊ ምስሎች ጠረጴዛ ላይ እንዋጋለን። አሸንፌው አላውቅም። ዛሬ ግን የጨዋታው ደንብ ስለሚፈቅድ፣ ጠረጴዛው ላይ ባለው የወንዝ ድልድይ ሥር እንዳደፈጡ የሚቆጠሩ ቀስተኞች ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። (የአዛዤ ጎራዴ በሙቀቱ ጎብጧል፤ ወኔው ግን አልተነካም።)

ጦሮቻችን ድልድዩ ላይ ሲገናኙ ሁመድ እጄን ያዘኝ።

«ቆይ እንጂ ወንድሜ! መንገደኛ ተገናኝቶ ዳጉ ሳይለዋወጥ? ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

አፋር ያየ የሰማውን በሚነጋገርበት በዳጉ ደግሞ አይዋሽም።

«ድልድዩ ሥር ቀስተኞች አሉ» አልኩት። «አንተስ?»

«እኔማ በወንዙ ዞሬ ግንብህን ልይዝ ነው።»

ያዘውም።

እንዲህ ያለ ሐቀኛ ድል አይቼ አላውቅም። እናንተንስ እውነቱን ነግሮ ያሸነፋችሁ ማን ነው?